ማደጎ ከማለታችን በፊት ቤታችን የትኛውን እንደሚችል እንወቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ባለፈው ሰሞን ቤተሰብ ስላጡ ልጆች ያወጣችሁትን ጽሁፍ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጋዜጣውን ይዞልኝ መጥቶ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽሁፍ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ በራችሁን ክፈቱ ብላችሁ ዘጋችሁት፣ ይቺ ነገር ሶስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ምክንያቱም እኔ በሬን ሁለት ጊዜ ከፍቼ አውቃለሁ፣ አንዴ ቤቴ በሚችለው መንገድ፣ አንዴ ደግሞ ቤቴ በማይችለው መንገድ፣ እና ሁለቱም ጊዜ ያው እኔ ነበርኩ፣ ልቤም ያው ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የአደራው አይነት ነው። ይሄንን ነው ሰው እንዲያውቅልኝ የምፈልገው።

እኛ ሰፈር ልጅ ወሰደች ሲባል ሁሉም ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ሚገባው፣ ማደጎ። ማደጎ ደግሞ በቃ እስከመጨረሻው፣ ስሙም የኔ ውርሱም የኔ። ስለዚህ ሰዉ ለሁለት ይከፈላል፣ እስከመጨረሻው ልውሰድ የሚል እና እኔስ አልችልም ብሎ የሚያልፍ። ብዙው አልችልም ባዩ ነው፣ እና አልፈርድበትም፣ በዚህ ኑሮ ማን ደፍሮ ለ15 አመት ቃል ይገባል? ግን እኮ በመሃል ብዙ አለ። ፎስተር የሚሉት፣ በኛ አማርኛ የአደራ ቤተሰብ፣ ቃሉ ራሱ ያስረዳል፣ አደራ ባለቤት አለው፣ ይመለሳል። ለሁለት ሌሊት የሚሆን አደራ አለ፣ ለአምስት ስድስት ወር የሚሆን አለ፣ በወር ሁለት ቅዳሜ ብቻ የሚሆን አለ፣ ልጁ 18 እስኪሞላው የሚዘልቅም አለ። አልችልም ብሎ ካለፈው ሰው ውስጥ ስንቱ ሁለቱን ቅዳሜ ይችል ነበር እላለሁ።

ጊዜውም እኮ ነው። በጥር 2010 ፓርላማው ልጆች በጉዲፈቻ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ከልክሏል። ከዛ በፊት በፈረንጆች 2010 በአንድ አመት ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ2,000 በላይ ነበሩ። መዘጋቱን እደግፋለሁ፣ ግን በሩ ሲዘጋ ልጆቹ አልጠፉም፣ እዚሁ ናቸው። በ2001 የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ልጅን ባለበት ማህበረሰብ መደገፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር ማቀላቀል፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻ እያለ ይሄድና ተቋም ማስገባትን የመጨረሻ አማራጭ ነው ሚያደርገው። የመጨረሻ እንዲሆን ግን ከሱ በፊት ያሉት ቤቶች መኖር አለባቸው።

አሁን ቤቴን ላስረዳችሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ የጅማ አዲስ አበባ መስመር፣ የሳምንቱን ግማሽ የለም። እኔ ከግቢው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችኝ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ሶስት ልጆች አሉኝ። የመጀመሪያዋ የአደራ ልጅ ስትመጣ ትልቋ ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ መሃለኛው ሰባተኛ፣ ትንሹ ስድስት አመቱ።

ህዳር 2013 ነው። ቡና ለቀማ ነበር። ጅማን የሚያውቅ ያውቃል፣ በዛ ወቅት የቡና ወረዳዎቹ ማናም ጎማም ሊሙም ሰው በሰው ነው፣ ከሩቅ የሚመጡ ለቃሚዎች ልጅ አዝለው አስከትለው ነው ሚመጡት። የልጅቷ እናት ለቀማ ላይ እያለች ታማ እዚህ ከተማ ሆስፒታል ገባች፣ ዘመድ የላትም፣ ልጅቷ አምስት አመቷ ነው፣ እናቷ አልጋ ስር ስትተኛ አይተው ለሚመለከተው አሳወቁ። ከምሽቱ ሁለት ሰአት ላይ ስልኬ ጠራ። እኔ በፊት በነበረው አመት የሁለት ቀን ስልጠና ወስጄ ተመዝግቤ ነበር፣ ለሶስት ሌሊት ብቻ አሉኝ፣ እሺ አልኩ።

ልጅቷ አማርኛ አትሰማም። እኔ እዚሁ ተወልጄ አፌን በሁለቱም ነው የፈታሁት፣ እግዜር ይመስገን። ሌሊት ላይ በጨለማ ቢሻን አለች፣ ውሃ ማለቷ ነው፣ ኦሮምኛ ባልሰማ ኖሮ ጠምቷት ነበር ምታድረው፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን ለአምስት አመት ልጅ በማታውቀው ቤት ትንሽ አይደለም። በማግስቱ ደግሞ ትልቋ ልጄ እማ ይቺ ልጅ እኮ የክርስቲያን ስጋ አትበላም አለችኝ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን ልጅቷ ሙስሊም ናት። ሂርማታ ገበያ ሄጄ ትንሽ ድስት ገዛሁ፣ የሷ ብቻ። ዶሮ ስገዛ ሙስሊም ጎረቤት አሉኝ፣ አዴ እንላቸዋለን፣ ባለቤታቸው ያርዱልኛል፣ በሷ ድስት ብቻ ይሰራል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ቤቱ ሁሉ ጾም ስለነበር ግቢው ውስጥ ምትሸተው የሷ ድስት ብቻ ነበረች።

በአስረኛው ቀን እናትየው ቀና ብላ መቀመጥ ስትጀምር በባጃጅ ይዣት ሄድኩ። ልጇን አቅፋ እያለቀሰች መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስጋውን ነው፣ ማነው ያረደው አለችኝ። ስለ አዴ ባለቤት ነገርኳት፣ ስለ ድስቱም ነገርኳት። እጄን ይዛ ዝም ብላ ቆየች። የህጻናት መብት ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 20 ላይ ልጅ ከቤተሰቡ ውጭ ሲቀመጥ አስተዳደጉ፣ ሃይማኖቱ፣ ባህሉ፣ ቋንቋው እንዳይቋረጥ ይታሰብበት የሚል አለ፣ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። እኔ ያንን አንቀጽ ስልጠና ላይ ስሰማው ወረቀት ነበር የመሰለኝ፣ የገባኝ ያቺ እናት ማን አረደው ስትለኝ ነው። ስለዚህ ልጅ ልትቀበሉ ስታስቡ ገና ከመጀመሪያው ቤታችሁ ምን እንደሚበላ፣ በምን ቋንቋ እንደሚያወራ፣ እሁድ ወይ አርብ የት እንደሚሄድ በግልጽ ተናገሩ። ሃይማኖቱን ቀስ ብለን እናስለምደዋለን የሚል ሰው ካለ እባካችሁ አደራ አይውሰድ።

ሶስት ሌሊቱ አራት ወር ሆነ። እናትየው ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ ከዛ ማገገሙ ራሱ ጊዜ ወሰደ። እና እዚጋ ነው ሁለቱ አይነት የሚለያዩት፣ የድንገተኛው እና የአጭር ጊዜው። ድንገተኛ ማለት ሌሊት የሚደወልለት ቤት ነው፣ ትርፍ ፍራሽ ተጥሎ የተዘጋጀ፣ ጠዋት ሁለት ሰአት ላይ ፈርሞ ቢሮ የሚገባ ሰው ብቻውን የማይችለው፣ ልጁ ማን እንደሆነ ምን እንደደረሰበት ምንም ሳይነገርህ ትቀበላለህ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ ሳታጣጥመው ይሄዳል። ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ እንቅልፉ የሚረበሽ፣ ጨቅላ ያለው፣ የታመመ ሰው የሚያስታምም ቤት ባይሞክረው እመክራለሁ። የአጭር ጊዜው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፣ የልጁን እናት መውደድ። እውነቴን ነው። አላማው ልጁን መመለስ ስለሆነ ሆስፒታልም ይሁን ማረሚያ ቤት ይዘኸው ትሄዳለህ፣ እናቱን በክፉ አታነሳበትም፣ ልጁ ከጉብኝት ሲመለስ ያለቅሳል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፣ እራት አልበላም ይላል፣ ያን ጊዜ ባይሄድ ይሻለው ነበር ማለት ይመጣብሃል፣ እሱን የምትችል ከሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምን ብላ ትጥራኝ የሚለው። እማ እንድትለኝ አልፈለኩም፣ እናቷ አለች። ስሜን ደግሞ ልጅ አይጠራም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መጥራት ሲያቅታት መጥታ ቀሚሴን ሳብ ታረግ ነበር፣ ሱቅ ውስጥ ሰው እያስተናገድኩ ከኋላ ሳብ። ከዛ አንድ ቀን ከራሷ አዳዳ አለችኝ፣ የአባት እህት ማለት ነው። በጣም ልክ ነበረች። የአደራ ቤተሰብ ማለት ምን ማለት ነው ሲሉኝ እስከዛሬ ምመልሰው ይሄንን ነው፣ አዳዳ መሆን ነው።

ሁለተኛው በ2015 ነው። የዘጠኝ ወር ህጻን ነበረች። ለስድስት ወር ነው፣ እስከዛ ዘመድ እናፈላልጋለን ብለው ፈርሜ ተቀበልኩ። የትኛው መስሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ለመክሰስ አይደለም የጻፍኩት። ስድስት ወሩ አለፈ፣ ማንም አልመጣም። ስደውል የያዘችው ሶሻል ወርከር ተቀይራለች፣ አዲሱ ፋይሉን ገና አላየሁትም ይላል፣ እንደገና ስደውል እሱም ስብሰባ ላይ ነው። አንድ አመት ከአራት ወር ከኛ ጋር ቆየች። አፍ የፈታችው እኛ ቤት ነው፣ የቆመችው የሱቄን መደርደሪያ ይዛ ነው፣ እኔን እማ አለችኝ፣ ማን ሊከለክላት ይችላል፣ ሌላ እናት አታውቅም። ከዛ አክስቷ በሌላ ከተማ ተገኘች ተባለ፣ በሶስት ቀን ውስጥ ወሰዷት። መገኘቷ ጥሩ ነው፣ አክስት ደም ናት። ግን በሶስት ቀን!

ትንሹ ልጄ ያኔ ዘጠኝ አመት አልፎታል። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፣ ሲዘጋ ይጮሃል፣ እሷ ደግሞ በሩ ሲጮህ ከእንቅልፏ ትነቃ ስለነበር በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አርጎ ነበር ሚዘጋው። ከሄደች በኋላም ለወራት እንደዛው በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አርጎ ይዘጋ ነበር። እኔም ተው አላልኩትም። ምን ብዬ?

ለዚህ ነው ጨቅላን በተመለከተ ጠንከር ያለ ሃሳብ ያለኝ። ስልጠናው ላይ ስለ ሩማንያ ነግረውን ነበር፣ በፈረንጆች 1989 የቻውቼስኩ መንግስት ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች ተቋም ውስጥ ነበሩ፣ ከዛ በፈረንጆች 2000 ዓ.ም አካባቢ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ላይ 136 ህጻናት ወስደው ግማሹን በእጣ አሳዳጊ ቤተሰብ ጋ አስገቡ ግማሹ እዛው ተቋም ቀረ፣ እና ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በሰው መተማመኑም አእምሯቸውም የተሻለ ሆነ፣ በተለይ ሁለት አመት ሳይሞላቸው የገቡት። ስለዚህ ጨቅላ ቤት ይግባ፣ ተቋም አይደር፣ እስማማለሁ። ግን ያንኑ ነገር ገልብጣችሁ እዩት፣ በዛ እድሜ ከአንድ ሰው ጋ የሚጣበቅ ልጅ ከዛ ሰው ሲነጠል ምን ይሆናል? ጨቅላ የሚወስድ ቤት ቢያስፈልግ እስከመጨረሻው ልዘልቅ እችላለሁ የሚል ቤት መሆን አለበት፣ ካልሆነም ከቀን አንድ ጀምሮ ዘመድ ፍለጋው በቀን የተወሰነ፣ ሲሸኝም ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ አክስቷ እየመጣች፣ ከዛ አብራ እያደረች፣ ከዛ ልጅቷ እዛ ሄዳ እያደረች። የኔ ቤት ይሄንን አይችልም ነበር፣ ሳላውቅ ነው የገባሁት፣ ማንም አልጠየቀኝም እኔም አልጠየኩም።

ስለዚህ ከፊርማ በፊት ጠይቁ። ስንት ጊዜ ነው፣ ጊዜው ሲያልፍ ማን ነው ሚመጣው፣ ሶሻል ወርከሯ ብትቀየር ለማን ልደውል፣ ልጁ ቢታመም የህክምና ፈቃድ ማን ይፈርማል፣ የልጁ የልደት ወረቀት የት ነው፣ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ምን ይዤ ልሂድ። ስለ ገንዘብም ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። እኔ ሁለቱንም ከራሴ ጓዳ ነው ያበላሁት፣ ለአራት ወር ቻልኩት፣ ለአንድ አመት ከአራት ወር ግን የትልቋን ልጄን የኮሌጅ ክፍያ እስከማዘግየት ደርሻለሁ።

አሁን ስለሌሎቹ። በስራ የተያዙ ሰዎች፣ መምህር፣ ባንክ የሚሰራ፣ ሁለቱም ባልና ሚስት ቢሮ የሚውሉ፣ እኛ እንዴት አድርገን ይላሉ። ለነሱ ማሳረፊያ የምለው አለ። እኛ ሰፈር ሶስት የልጅ ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉ አያት አሉ፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ሁለት መምህራን ጎረቤቶቻቸው በአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ወስደው ልብሳቸውን አጥበው፣ የቤት ስራቸውን አሰርተው፣ አሳድረው እሁድ ከሰአት ይመልሷቸዋል። በቃ ይሄው ነው። ማንም ፎስተር ብሎ አልጠራውም ግን ፎስተር ነው፣ እኒያ አያት ያችን አንድ ሌሊት ባያርፉ ኖሮ ልጆቹ ይበተኑ ነበር።

የዘመድ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ቤተሰብ ያጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው አያት አክስት አጎት ጋ ነው፣ ያለ ወረቀት ያለ ቢሮ። ጥሩ ነው፣ ልጁ ወገኑን አያጣም። ግን አብረን የምናውቀው ሌላ ነገር አለ፣ ላስተምራት ብሎ የእህት ልጅ ከገጠር አምጥቶ ሊጥ የሚያስቦካ፣ ውሃ የሚያስቀዳ፣ የራሱ ልጆች ሲማሩ እሷን የማታ እንኳ የማይልክ። ይሄ ማሳደግ አይባልም፣ ደሞዝ የሌላት ሰራተኛ ነው ያመጣው። ሱቄ ስለሚመጡ አውቃቸዋለሁ፣ አስር አመት አስራ አንድ አመት፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰአት ላይ ሳሙና ግዢ ተልከው ይመጣሉ፣ ሌሎቹ ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ እያዩ። እናንተ የዘመድ ልጅ ልታመጡ ካሰባችሁ ቤታችሁ የሚፈልገው የስራ እጅ ከሆነ ሰራተኛ ቅጠሩ፣ እድሜዋ የደረሰ፣ በደሞዝ። ልጅ ግን አታምጡ።

ልጆቻቸው አድገው የወጡላቸው፣ ጡረታ የወጡ፣ ቤቱ ጭር ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሁሌ ህጻን ነው ሚያምራቸው። እኔ ከአስራ ሁለት አመት በላይ ያለውን ልጅ እንዲያስቡት እለምናለሁ፣ ማንም ስለማይፈልገው። ማታ አይነሳም፣ ዳይፐር የለውም፣ የሚፈልገው ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ሲባል የሚሄድለት ሰው ነው፣ ማታ ሲዘገይ የት ነበርክ የሚለው ሰው። አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ የሚቀበል ቤት ደግሞ ልቡን ብቻ አይመዝን፣ ወገቡንም ይመዝን። የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ፣ ደጁ ደረጃ ነው ወይ፣ ፊዚዮቴራፒ ለማመላለስ ባጃጅ ግቢው ድረስ ይገባል ወይ፣ ክረምት ላይ ያ መንገድ ምን ይሆናል። የኛ ሰፈር መንገድ ሐምሌ ላይ ባጃጅ አያስገባም፣ ስለዚህ እኔ በዚህ አልተመዘገብኩም።

ልጅ ያልወለዱ እና ልጅ የሚፈልጉ ባለትዳሮች፣ እባካችሁ በአደራ በኩል አትምጡ። ውስጥ ውስጡን ወላጆቹ ባይገኙ እያላችሁ ትጸልያላችሁ፣ ልጁም ይሰማዋል። የናንተ መንገድ ጉዲፈቻ ነው፣ እዚህ ኦሮሞ አገር ደግሞ ጉዲፈቻ ከህጉ በፊት የነበረ ባህል ነው፣ ልጁ እንደተወለደ ልጅ ነው ሚቆጠረው፣ እድሜ ልኩን። በህጉም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ኦሮሚያ የራሷ የቤተሰብ ህግ ስላላት ለዝርዝሩ እዚሁ ፍርድ ቤት መጠየቅ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ከፋላ የሚሉት አላቸው፣ ልጁን እንደራስ ታሳድጋለህ ግን የአባቱን ስም አትቀይርበትም፣ አዴ ሲያስረዱኝ የልጅ ስም የሱ ገንዘብ ነው፣ ወስደህ በራስህ ስም አታደርገውም አሉኝ።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው በራችሁን ክፈቱ ስትሉ ከስሩ አንድ አምድ ጨምሩልን፣ የትኛው አይነት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ በየከተማው የትኛው ቢሮ የትኛው ክፍል እንደሚመዘግብ፣ ምን ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ። ሰው ወደ ቀበሌ ሄዶ ማደጎ ሲል ለማደጎ የሚሆን ወረቀት ይሰጡታል፣ አንብቦት ይፈራና ይመለሳል፣ እኔ በአይኔ ያየሁት ነው።

እኔ ባለፈው ሳምንት እንደገና ተመዝግቤአለሁ። ቅጹ ላይ ሌሎች አስተያየቶች የሚል ክፍት ቦታ ነበር፣ እንዲህ ብዬ ሞላሁት፣ ከአራት አመት በላይ፣ እስከ ስድስት ወር፣ እናት ወይ አባት ያለው እና የሚመለስ፣ አማርኛ ወይ ኦሮምኛ የሚናገር፣ ሙስሊም ቢሆን ድስቱ አለ።

የሶስት ልጆች እናት፣ ከጅማ